የምንጠብቀውንና የምንዘልለውን ትእዛዝ እንዴት እንመርምር

ዐቢይ ጾም ሲገባ በአዲስ አበባ ብዙዎቹ ሥጋ ቤቶች ይዘጋሉ፤ ምግብ ቤቶች የጾም ምግብ ያቀርባሉ፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውኃ ሳይቀምስ የሚውለውም ሰው ቁጥሩ ቀላል አይደለም። በዚያው ሰሞን፣ በዚያው ከተማ፣ ዕቃ ሊገዛ ወደ ሱቅ የገባ ሰው «በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?» ተብሎ ይጠየቃል፤ ያለ ደረሰኝ ካለ ዋጋው ይቀንስለታል። ጠያቂውም ተጠያቂውም ጿሚዎች ናቸው፤ በዚያች አጭር ንግግር ጾማቸው የተነካ አይመስላቸውም። ወተት የነካው ማኪያቶ በስሕተት ቢቀርብላቸው ግን ሁለቱም ደንግጠው ይመልሱታል።

የዘመናችን ክርስቲያን እምነቱን እየመረጠ ይኖራል ወይ ለሚለው ጥያቄ የእኔ መልስ አዎን ነው፤ ይሁን እንጂ መልሱ ብቻውን ማንንም አይጠቅምም። የሚጠቅመው እያንዳንዳችን የመረጥነው ምን እንደሆነ፣ የተውነውንም ለምን እንደተውነው በእርጋታ የምናይበት መንገድ ነውና ከዚህ በታች ያንን መንገድ ለማሳየት እሞክራለሁ። የምጽፈው በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤት ያደግሁ ሰው ሆኜ ስለሆነ አብዛኛው ምሳሌ ከዚያው ቤት ይወጣል፤ የወንጌላውያንና የካቶሊክ አንባቢም በራሱ ቤት ያለውን ተመሳሳይ ነገር ለማግኘት የሚቸገር አይመስለኝም። በ1999 ዓ.ም. የተደረገው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ከሀገሪቱ ነዋሪ 43.5 ከመቶው ኦርቶዶክስ፣ 18.6 ከመቶው ፕሮቴስታንት፣ 0.7 ከመቶው ደግሞ ካቶሊክ መሆኑን መዝግቧል። ከአሥር ሰው ከስድስት በላይ የሚሆነው ክርስቲያን ነኝ በሚልበት ሀገር ሚዛን የሚያጎድለውና ጉዳይ ለመፈጸም እጅ መንሻ የሚቀበለው ሰው ሁልጊዜ ከሌላ ወገን ነው ብሎ ማሰብ አይቻልም።

መምረጥ ሁሉ ነውር አይደለም

ወደ ምርመራው ከመግባታችን በፊት ሁለት ዓይነት ምርጫዎችን መለየት ይገባናል። ቤተ ክርስቲያን ራሷ የትኛው ትእዛዝ በማን ላይ እንደሚጸና ከጥንት ጀምሮ ስትወስን ኖራለች። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 15 እንደሚነግረን፣ ከአሕዛብ ወገን ያመኑት ሰዎች መገረዝ አለባቸው ወይስ የለባቸውም የሚለው ክርክር ሐዋርያትንና ሽማግሌዎችን በኢየሩሳሌም ሰበሰበ፤ ውሳኔውም በደብዳቤ ተጽፎ ለምእመናኑ ተላከ። በሀገራችንም የቅዳሜ ሰንበት ይከበር በሚሉት በአቡነ ኤዎስጣቴዎስ ደቀ መዛሙርትና በተቃዋሚዎቻቸው መካከል መቶ ዓመት ያህል የቆየ ጠብ ነበር፤ ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ እ.ኤ.አ. በ1450 በደብረ ምጥማቅ ባስጠሩት ጉባኤ ቅዳሜም እሑድም እንዲከበሩ ተወሰነ።

ከዚህ ሌላ የአቅም ማጣት አለ። ሕመምተኛን፣ ነፍሰ ጡርን፣ አራስን፣ ከሰባት ዓመት በታች ያለን ሕፃን ጹሙ ብላ ቤተ ክርስቲያን አታስገድድም። በሳዑዲ ዓረቢያ በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ እኅታችን ቤተ ክርስቲያን በሌለበት ሀገር፣ የምትበላውን አሠሪዋ በሚወስንባት ቤት ውስጥ ሆና ረቡዕና ዓርብን መጾም ቢያቅታት፣ ቅዳሴ ካስቀደሰችም ዓመታት ቢያልፉ፣ እየመረጠች ነው ልትባል አይገባም። ተነጥቃ ነው እንጂ ትታ አይደለም።

ታዲያ ተገቢውን ምርጫ ከምቾት ምርጫ በምን እንለየዋለን? እኔ የማምንበት መለያ ተገቢው ምርጫ በአደባባይ ሊነገር መቻሉ ነው። ጉባኤው የወሰነውን ጽፎ ልኳል፤ ሕመምተኛው ለንስሐ አባቱ ነግሮ ፈቃድ ይቀበላል፤ ለእርሱ የተፈቀደውም በእርሱ ሁኔታ ላለ ለማንኛውም ሰው ይፈቀዳል። የምቾት ምርጫ ግን ማንም ሳይወስነው በዝምታ ይገባል። ለማንም አልተነገረምና የሚጠይቅ የለም፤ ያው ነገር በሌላ ሰው ላይ ሲታይ ደግሞ ለመፍረድ ማንም አይቀድመንም። ከዚህ በታች በሚያዘጋጁት ወረቀት ላይ የሚያገኙትን እያንዳንዱን የተተወ ትእዛዝ ይህንኑ ይጠይቁት፦ የተውሁበትን ምክንያት ለንስሐ አባቴ ወይም ለመጋቢዬ ሳላፍር መናገር እችላለሁ ወይ?

በዝምታ የሚገባ ምርጫ ምን ያህል ሊርቅ እንደሚችል ታሪክ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1807 በለንደን፣ በካሪቢያን በነበሩት የእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች ላሉ ባሮች ተብሎ የተመረጡ ክፍሎች ብቻ ያሉበት መጽሐፍ ቅዱስ ታትሞ ነበር። እስራኤል ከግብፅ ባርነት የወጡበት ታሪክ ተቆርጦ ወጥቷል፤ ባሮች ለጌቶቻቸው እንዲታዘዙ የሚያዘው ቃል ግን በቦታው ተቀምጧል። ይህን ስናነብ በሩቅ ሰዎች ለመደነቅ መቸኮል የለብንም። በእኛም ሀገር ባርነት ሙሉ በሙሉ በሕግ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ነው፤ ከዚያ በፊት በነበሩት ብዙ መቶ ዓመታት ሰው የሚሸጡና የሚገዙ ሰዎች ረቡዕና ዓርብን ይጾሙ፣ ታቦት ሲወጣም ይሰግዱ ነበር። በሁለቱም ታሪክ የተዘለለው ትእዛዝ መራጩን ዋጋ የሚያስከፍለው ትእዛዝ ነው፤ በራሳችንም ላይ መፈለግ ያለብን ይህንኑ ነው።

ወረቀቱን ማዘጋጀት

አንድ ወረቀት ወስደው ከመካከሉ ያስምሩበት። በአንደኛው ወገን ሳያጓድሉ የሚጠብቁትን፣ በሌላው ወገን የሚያልፉትን ይጽፋሉ። ዝርዝሩን ከራስዎ አእምሮ አያውጡት፤ አእምሮ የሚያወጣው የለመደውን ብቻ ነውና። በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 20 ያሉትን ዐሠርቱ ትእዛዛት፣ በማቴዎስ ወንጌል ከምዕራፍ 5 እስከ 7 ያለውን የተራራውን ስብከት፣ በዚያው ወንጌል በምዕራፍ 25 ጌታ የሚጠይቃቸውን ስድስት ነገሮች፣ ማለትም የተራበውን፣ የተጠማውን፣ እንግዳውን፣ የታረዘውን፣ የታመመውንና የታሰረውን፣ በተራ ይሂዱባቸው። የያዕቆብን መልእክት ይጨምሩ፤ አጭር ስለሆነ በአንድ ምሽት ያልቃል፤ ስለ ተያዘ የሠራተኛ ደመወዝና ለሀብታም ተለይቶ ስለሚሰጥ ወንበር እንደ እርሱ በግልጽ የተናገረ መልእክት በአዲስ ኪዳን ማግኘት ይከብዳል።

ሲጽፉ የባሕርይ ስም አይጻፉ። «ትሕትና ይጎድለኛል» የሚል ሰው ነገ የሚያስተካክለው ምንም ነገር አልያዘም፤ እንዲያውም እንዲህ ማለቱ ራሱ ትሑት መስሎ ይታየዋል። «ለቀለም ቀቢው የቀረውን ሁለት ሺህ ብር ከጥምቀት በፊት እሰጥሃለሁ ብዬ እስከ ዛሬ አልሰጠሁትም» ብሎ የጻፈ ሰው ግን ነገ ጠዋት የሚሠራው ሥራ አለው። እያንዳንዱ መስመር የሰው ስም፣ ቀንና መጠን ይኑረው። ወረቀቱን ማንም እንዳያየው አድርገው ያስቀምጡ፤ የሌላ ሰው ስም ያለበት ነውና።

ጽፈው ሲጨርሱ የሚጠብቁትን ወገን «ይህን ባልጠብቅ ማን ያውቅብኛል?» ብለው፣ የሚያልፉትን ወገን ደግሞ «ይህን ብጠብቅ ምን እከፍላለሁ?» ብለው ይመርምሩት። በብዙዎቻችን ወረቀት ላይ የሚጠበቀው በሰው ዘንድ የሚታየው ነው፦ ጾሙ፣ ነጠላው፣ ማዕተቡ፣ ዝክሩ፣ ስለቱ። የሚታለፈው ደግሞ በሁለት ሰዎች መካከል ብቻ የሚታወቀው፣ ሦስተኛ ምስክር የሌለው ነው። ወረቀትዎ እንዲህ ሆኖ ከተገኘ የሚታየውን ነገር ለመናቅ ምክንያት አያድርጉት፤ ጾሙም ነጠላውም በራሳቸው መልካም ናቸው። ምርጫው ወደ የት እንዳዘነበለ ግን አውቀዋል።

ከዚህ ሁሉ በፊት አንድ ማስጠንቀቂያ ልስጥ። ይህ ወረቀት የራስዎ ብቻ ነው። የባልን፣ የሚስትን፣ የካህኑን ወይም የዘማሪውን ወረቀት መሙላት የጀመረ ሰው የራሱን አይጨርስም፤ የሌላውን ጉድለት መዘርዘር ራሱ በተራራው ስብከት ውስጥ በግልጽ ከተከለከሉት አንዱ ነውና እርሱንም በሚያልፉት ወገን ይጻፉት።

በጾሙ ውስጥ ያለው ምርጫ

አጥብቀን እንይዘዋለን በምንለው በጾም ውስጥ እንኳ ልማድ መርጦልናል። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ያለውን የፍልሰታን ጾም ሕፃናት ሳይቀሩ ይጾሙታል፤ ከጰራቅሊጦስ በኋላ የሚመጣውን የሐዋርያትን ጾም ግን «የሰኔ ጾም»፣ «የቄስ ጾም» እያልን ለካህናቱ ትተንላቸዋል። ሁለቱም ከሰባቱ የአዋጅ አጽዋማት ናቸው። አንዱን ለመተው ምክንያት ካለዎት ምክንያቱን ለንስሐ አባትዎ ይንገሩ፤ ምክንያቱ «ሰው ስለማይጾመው» ብቻ ከሆነ ግን የፍልሰታውንም የሚጾሙት ሰው ስለሚጾመው እንዳይሆን ያስቡበት።

ከዚያ የጾሙን ስፋት ይመልከቱ። በዐቢይ ጾም የሚዜመው የቅዱስ ያሬድ ጾመ ድጓ ዐይን ይጹም፣ ልሳን ይጹም፣ ጆሮም ክፉ ከመስማት ይጹም ይላል። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅም በአራተኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ላይ ጾም የአፍ ብቻ እንዳይሆን አስተምሯል፤ ክርስቶስን በቤተ መቅደስ በሐር እያከበርን በደጅ በብርድና በራቁትነት እንዳንተወውም አስጠንቅቋል። ስለዚህ በጾም ወቅት ከምግቡ ጋር አንድ የአካል ክፍል ይምረጡና አብሮ ይጹም። ለአብዛኞቻችን መጀመር ያለበት ከምላስ ይመስለኛል፤ ከቅዳሴ መልስ በሽሮው ማዕድ ዙሪያ የሚነሣው የሰው ሥጋ ከማናቸውም ሥጋ የከፋ ነው።

የሠራተኛዋ ሰንበት

ምርመራው የሚከብደው ገንዘብና ጉልበት ላይ ሲደርስ ነውና እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልቆይ። በቤትዎ የቤት ሠራተኛ ካለች የአንድ እሑድ ውሎዋን ከጠዋት እስከ ማታ ይጻፉ። ቤተሰቡ ለቅዳሴ ሲሰናዳ ልጆቹን የምታለብሰው እርስዋ ናት፤ ሲመለስ ቁርሱን አቅርባ ትጠብቃለች፤ ከሰዓት በኋላ እንግዳ ሲመጣ ቡና ታፈላለች፤ ማታ ልጆቹ ሰኞ የሚለብሱትን የትምህርት ቤት ልብስ ትተኩሳለች። በፋሲካ ሌሊት ቤተሰቡ ጧፍ ይዞ «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» ሲል እርስዋ በማጀት የዶሮውን ወጥ ታማስላለች። እርስዋም የተጠመቀች ክርስቲያን ናት፤ ሃምሳ አምስቱን ቀን ጾማ የምትፈታው በድስት አጠገብ ቆማ ነው።

ኦሪት ዘዳግም 5፥14 ሰንበትን ሲያዝ አገልጋይህና ገረድህ እንደ አንተ ያርፉ ዘንድ ነው ብሎ ምክንያቱን ጨምሮ ይነግረናል። በዚህ ቃል መሠረት ጌታው ብቻ ያረፈበት ቀን ሰንበት አልተባለም። በ12 ሚካኤልን፣ በ21 ማርያምን፣ በ27 መድኃኔ ዓለምን አከብራለሁ ብሎ ሥራ የማይነካ አባወራ በእነዚያው ቀናት በቤቱ የእርስዋ ሥራ እንደሚበዛ ላያስተውል ይችላል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የቤት ሠራተኛን ቅጥር በቀጥታ ስለማያቅፍ ዕረፍትዋ በአብዛኛው በአሠሪዋ ኅሊና ላይ የተጣለ ነው፤ እንግዲህ ክርስትናችን ማንም ሳያስገድደው ምን እንደሚያደርግ የሚታይበት ቦታ ቢኖር ይህ ነው።

ማድረግ የሚቻለው ግልጽ ነው። በሳምንት አንድ ቀን ቁርጥ አድርገው ይስጧት፤ «ሥራ ከሌለ» የሚል ቃል አይጨምሩበት፣ ሥራ የሌለበት ቀን የለምና። ደመወዝዋን በየወሩ በታወቀ ቀን በእጅዋ ወይም በስምዋ በተከፈተ የባንክ ሒሳብ ይክፈሉ። «እኔ ጋ ይጠራቀምልሽ» የሚለው አሠራር ብዙ ጊዜ በቅንነት ይጀመራል፤ ለመሄድ የተነሣች ዕለት ግን ስንት እንደተጠራቀመ በሁለቱ መካከል ስምምነት አይገኝም፣ የሚጸናውም የአሠሪዋ ቃል ይሆናል። ስለ ተሰበረ ብርጭቆ የቆረጡባት ገንዘብ ካለ ይመልሱላት። ለፋሲካ ቤተሰቡ ወጡን ቅዳሜ ቀን አብሮ ይሥራና እርስዋም ነጠላዋን ለብሳ ወደ ቤተ ክርስቲያን ትሂድ። ይህን ለማድረግ ቤቱ የሚከፍለው አንድ ቀን ሽንኩርት መላጥ ነው።

በንግድና በቢሮ ያለውም ከዚህ አይለይም። ነጋዴ ከሆኑ ሚዛንዎን ዛሬ በታወቀ ክብደት ይፈትሹት፤ ዘሌዋውያን 19፥36 የእውነት ሚዛን ይሁንላችሁ ሲል ከሥርዓተ አምልኮው ትእዛዛት ጋር በአንድ ምዕራፍ አስቀምጦታል። ከገዢው 15 ከመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ተቀብለው ካላስገቡት ያ ገንዘብ የእርስዎ አይደለም። «መንግሥት በአግባቡ አያውለውም» የሚለውን ክርክር እሰማለሁ፤ ክርክሩን የሚያቀርበው ሰው ያስቀረውን ገንዘብ ለድኻ ሰጥቶት ከሆነ ደግሞ የበለጠ እሰማዋለሁ። የመንግሥት ሠራተኛ ከሆኑ ባለጉዳይ ሊጨርስ የሚችለውን ነገር «ነገ ተመለስ» ብለው የሸኙበትን ጊዜ ያስታውሱ። ባለጉዳዩ በር ላይ ቆሞ ሳለ በጠረጴዛው ላይ ውዳሴ ማርያም የሚደግም ሠራተኛ ጸሎቱን ከሌላ ሰው ጊዜ ላይ ወስዶ እያቀረበ ነው፤ ጸሎቱን ከሥራ ሰዓት በፊት ያድርሰው።

ከበዓሉ እስከ ቁርባኑ

በየዓመቱ በከተራና በጥምቀት ታቦታቱን አጅቦ የሚወጣው ሕዝብ ጎዳናውን ይሞላዋል፤ በቅዳሴ ሰዓት ወደ ሥጋውና ደሙ የሚቀርቡት ግን በብዛት ሕፃናትና አረጋውያን ናቸው። በመካከል ያለው ትውልድ ቆሞ ያስቀድስና ቁርባኑ ሲደርስ ወደ ኋላ ይላል። ለምን ቢባል «ገና ወጣት ነኝ» ይላል፤ «በሰማንያ ነው የተጋባሁት» ይላል፤ ወይም የተቀየመው ሰው አለ። እኔ ከምርጫዎቻችን ሁሉ ከባዱ ይህ ይመስለኛል፤ ድግሱ ላይ ተገኝቶ ከማዕዱ መሸሽ የዕለት ተዕለት ሥርዓት ሆኗልና። «ወጣት ነኝ» የሚለው ምክንያት በተለይ መመርመር አለበት፤ ሕፃኑ ንጹሕ ስለሆነ፣ ሽማግሌው ስለ ደከመ ከቀረቡ፣ በመካከል ላለው ሰው ቁርባን መቼም አያስፈልገውም እንደ ማለት ይሆናል።

መነሻው የንስሐ አባትዎ ነው። ብዙ ቤተሰብ የንስሐ አባት አለው፤ ካህኑ ጠበል ሊረጩ ይመጣሉ፣ ቡና ይጠጣሉ፣ ቤተሰቡን ባርከው ይሄዳሉ፤ ከአባወራው ጋር ለብቻ ሳይነጋገሩ ዓመታት ያልፋሉ። ስለዚህ ቀጠሮ ይጠይቁ። «አባ፣ ከበዓሉ ውጭ ለብቻዬ ላነጋግርዎ እፈልጋለሁ» ማለት በቂ ነው። ወረቀቱን ይዘው ይሂዱ፤ የሚያልፉትንም ወገን ሳይመርጡ ያንብቡላቸው። በሰማንያ የተጋባችሁ ከሆነ ሁለታችሁም አብራችሁ ሂዱ፤ ባልና ሚስት ንስሐ ገብተው በቁርባን የሚጸኑበት ሥርዓት ስላለ እንደ ተዘጋ በር አትቁጠሩት።

የተቀየሙት ሰው ካለ ግን ከቀጠሮው በፊት ወደ እርሱ ይሂዱ፤ ማቴዎስ 5፥23–24 መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ አስቀድመህ ከወንድምህ ጋር ታረቅ ይላል። በጾም መግቢያ ላይ ለስልክ ማውጫው ሁሉ የሚላከው «ባለማወቅ ካስቀየምኳችሁ ይቅር በሉኝ» የሚል የቴሌግራም መልእክት ይህን ትእዛዝ አይፈጽምም፤ የሚደርሰው ለሁሉም ስለሆነ ለማንም አይደርስም። በወረቀቱ ላይ ስሙን ለመጻፍ እጅዎ የከበደበት ሰው ማን እንደሆነ ያውቁታል፤ ለእርሱ ይደውሉ። ብቻዎን ማድረግ ካቃተዎት የሁለታችሁን ቃል የሚያከብሩ አንድ ወይም ሁለት ሽማግሌዎች ይላኩ።

ስልኩን በእጅዎ እንደያዙ አንድ ነገር ይጨምሩ፦ ባለፈው የነነዌ ጾም ሦስት ቀናት በፌስቡክና በቴሌግራም የጻፉትንና ያጋሩትን ወደ ኋላ ሄደው ያንብቡ። በ2013 ዓ.ም. ተጀምሮ በ2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያው ስምምነት በቆመው ጦርነት አንድ ጾም የሚጾሙ፣ አንድ ቅዳሴ የሚያስቀድሱ ሰዎች በሁለት ወገን ተሰልፈው ተጋድለዋል። የሌላ ብሔር ሰው ሁሉ እንዲጠፋ የሚመኝ ጽሑፍ በማጋራትና ምሕላ በመቆም መካከል የጊዜ ልዩነት ያልነበረበት ሰሞን ነበር። ያጋሩትን ያጥፉ፤ ያነበበው ሰው የሚያውቁት ከሆነ ደግሞ ስሕተት እንደ ነበር በዚያው ገጽ ላይ ይጻፉ።

ለወንጌላውያን አንባቢ

በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት አስራት መስጠት፣ በአምልኮው መገኘትና ከመጠጥ መራቅ በብርቱ ይጠበቃሉ፤ የሚታለፈው ወገን ግን ከእኛው ጋር ይመሳሰላል። አስራቱን ከደመወዙ ቆጥሮ የሚያወጣ አሠሪ ለሠራተኞቹ ክፍያ የሚያዘገይ ከሆነ ያዕቆብ 5፥4 ስለ እርሱም ተጽፏል። ነቢይ ነኝ ባይ ዘንድ «ዘር እዘራለሁ» ብሎ ገንዘብ የሚሰጥ ሰው ያንን ገንዘብ የሚመልስለት በረከት ባይመጣ ኖሮ ይሰጥ እንደሆነ ራሱን ይጠይቅ።

ምርጫ በተቋም ደረጃም ሊገባ እንደሚችል በዚሁ ቤት የተገኘ ጥሩ ምሳሌ አለ። በ1964 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን በላከችው ደብዳቤ፣ የውጭ ለጋሾች ለልማት ሥራ በቀላሉ እየሰጡ ለወንጌል ሥራ እጃቸውን መሰብሰባቸውን ተቃውማለች፤ ሰው ሥጋና ነፍስ ተብሎ ለሁለት የሚከፈል አይደለምና አገልግሎቱም ሁለንተናዊ መሆን አለበት ብላ ተከራክራለች። በዚያ ጊዜ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ በ1971 ዓ.ም. በደርግ ዘመን ተይዘው ተገደሉ። የአጥቢያ ሽማግሌ የሆነ አንባቢ የቤተ ክርስቲያኑን የዓመት በጀት በዚያ ደብዳቤ መንፈስ ቢያየው፣ ለድምፅ ማጉያና ለመድረክ የወጣውንም በአጥቢያው ላሉ መበለቶች ከወጣው ጋር ቢያስተያየው፣ ወረቀቱ ተሞልቶ ያገኘዋል።

ማስተካከል

የተዘለለውን ካዩ በኋላ የሚመጣ አንድ ፈተና አለ። «ደመወዝ እየያዝሁ መጾሜ ግብዝነት ነው» ብሎ ደመወዙን በመክፈል ፋንታ ጾሙን የሚተው ሰው አለ፤ «ዋናው ልብ ነው» የሚለው አባባልም ብዙ ጊዜ የሚነገረው በዚህ ጊዜ ነው። ማቴዎስ 23፥23 ላይ ጌታ አዝሙድና ከሙን እየቆጠሩ አስራት የሚያወጡትንና ፍርድን፣ ምሕረትን፣ ታማኝነትን የተዉትን ሲወቅስ፣ ያንን ሳትተዉ ይህን ልታደርጉ ይገባችሁ ነበር ብሏል። ስለዚህ ከሚጠብቁት ወገን ምንም አይሰርዙ። ጾም እያፈረሱ ደመወዝ መክፈል ቀላል የሚሆንለት ሰው አላየሁም፤ ሁለቱም የሚጠይቁት ራስን የመግዛት ጉልበት አንድ ነው።

ከሚያልፉት ወገን ግን ሁሉንም በአንድ ጊዜ አይነሡ። አስቀድመው የሰው ገንዘብ ወይም የሰው ስም ያለበትን ይምረጡ፤ እነዚህ በጸሎትና በስግደት ብቻ የማይዘጉ ናቸውና። ካህኑ የሚሰጡት ቀኖና ለነፍስዎ ነው፤ የቀለም ቀቢውን ሁለት ሺህ ብር አይተካም። ያጠፉትን ስም ባጠፉበት ሰው ፊት ይመልሱ፤ ለአምስት ሰው ያወሩት ከሆነ ለአምስቱም።

የገንዘቡን ልክ መጽሐፉ ራሱ ይነግረናል። ዘኍልቍ 5፥7 የበደለ ሰው ኃጢአቱን ይናዘዝ፣ የወሰደውን በሙሉ ይመልስ፣ አምስተኛውንም ይጨምርበት ይላል፤ ሁለት ሺህ የያዘ ሰው ሁለት ሺህ አራት መቶ ይሰጣል ማለት ነው። ዘኬዎስ ከዚህም አልፎ አራት እጥፍ እመልሳለሁ ብሏል (ሉቃስ 19፥8)። በአንድ ጊዜ መክፈል ካልቻሉ ለባለገንዘቡ በግልጽ ነግረው በየወሩ ይክፈሉ፤ ስንት እንደቀረም ሁለታችሁ በምትፈርሙበት ወረቀት ላይ ይጻፍ። ሰውየው ሞቶ ከሆነ ለሚስቱ ወይም ለልጆቹ ይስጡ፤ የት እንደደረሱ በአካባቢው እድር በኩል ማፈላለግ ይቻላል። የቅርብ ዘመድ ካልተገኘ ያው ምዕራፍ በቁጥር 8 ገንዘቡ ለካህኑ እንዲሰጥ ያዝዛል፤ ያን ጊዜ ለንስሐ አባትዎ ከምን የመጣ እንደሆነ ነግረው ያስረክቡ፤ በሟቹ ስም ለድኾች እንዲውል ይጠይቁ እንጂ በራስዎ ስም ስለት አድርገው አያስገቡት።